እየተሳቀ የተሠራ ግድግዳ

አባቴ ያንን ግድግዳ የሠራው እየሳቀ ነው። ድንጋይ የሚያቀብሉት ጎረቤቶቻችንም ይስቁ ነበር። እኔም በትንሿ ቅሌ ከምንጭ ውሃ እያመላለስሁ ጭቃው ላይ ስደፋ እስቅ ነበር። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። እሷ ግን ድሮም ሥራ ላይ ሆና አትስቅም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላላትም።

ግድግዳው የተሠራው ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ውስጥ ነው። ዛሬም ድረስ ሰው የፊታውራሪ የኔሰው ግቢ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር አንድ ቤት አይደለም፤ በየዘመኑ የተሠሩ ቤቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ነው አንድ የሆኑት። መጀመሪያ የፊታውራሪ አባት ወፍራም ግድግዳ ያለው ክብ የድንጋይ ቤት ሠሩ። ፊታውራሪ በተራቸው ደብረ ማርቆስ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ሰቀላ ቤት አይተው ተመለሱና እንደዚያ ያለ አማራቸው። የአባታቸውን ቤት ማፍረስ ግን ፈሩ። ስለዚህ ከክቡ ቤት ፊት ለፊት ረጅም አዳራሽ ቀጠሉበት፤ የክቡ ቤት የውጭ በር የአዳራሹ የውስጥ በር ሆኖ ቀረ። ከአዳራሹ በላይ ደግሞ ደርብ አወጡ። ደርቡ ላይ ተቀምጠው አውድማው ላይ እህል ሲሰፈር ይመለከቱ ነበር ይባላል። የደርቡን ድንጋይ ከወንዝ ተሸክመው ካመጡት ጭሰኞች አንዱ የአባቴ አባት ናቸው።

ኋላ ደርግ መጣና ግቢው የገበሬ ማኅበር ሆነ። የደርቡ ሳንቃ ተነቅሎ ለትምህርት ቤት መቀመጫ ተደረገ፤ ግንቡም ፈርሶ ድንጋዩ በጓሮ ተከመረ። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘው አባቴ አስናቀው ስለነበር፣ እየጠበቀ እንዲኖርበት ክቡ ቤት ተሰጠው። ደርግ ሲወድቅ ማኅበሩ ተበተነ፤ አባቴ ግን ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ቤቱ ሁሉ የኛ ነበር። ወደ ደርቡ ያወጣ የነበረው የድንጋይ ደረጃም እንዳለ ነበር፤ ወጥተህ ወጥተህ አየር ላይ ያቆምሃል። የኔ መቀመጫ እሱ ነበር። ትልልቆች ከታች ሲያወሩ ከላይ ሆኜ እሰማለሁ፤ ከሰማሁት ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን ራሴ እሞላዋለሁ።

የክቡ ቤት በር ጉበኑ፣ ከበሩ አናት ላይ የተጋደመው ግንድ ማለት ነው፣ ጭስ ያጠቆረው ወፍራም ወይራ ነው። ክቡ ቤት ማጀታችን ስለነበር እናቴ ፈንታነሽ ቀኑን ሙሉ በዚያ በር ትመላለሳለች። ጉበኑ ታዲያ ይመታታል። አንዳንዴ ግንባሯን፣ አንዳንዴ ከዐይኗ በላይ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጉንጯን መትቷት ከንፈሯ ድረስ አብጦ ነበር።

ጎረቤታችን ባንቺዓለም እሳት ልትጭር ስትመጣ ታያትና፣ "ደግሞ ዛሬ ምን ሆንሽ?" ትላታለች።

"ያው የፊታውራሪ ጉበን ነዋ።"

"እኒህ ሰውዬ ሞተው እንኳ ከጭሰኛ ራስ ላይ አልወርድም አሉ እኮ።"

ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ስትስቅ ያበጠውን ጎን በእጇ ደገፍ ታደርገዋለች።

እኔ የምሬን አምኜ ነበር። ፊታውራሪ በዚያ ግንድ ውስጥ እንደ ተጋደሙ፣ ሰው ሲያልፍ ድንገት ዝቅ ብለው እንደሚመቱ ነበር የሚመስለኝ። በበሩ ባለፍሁ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ስትወርድ ጠብቄ ሙቀጫውን እያንከባለልሁ ከበሩ ሥር አደረስሁት። አዙሬ ደፋሁትና ላዩ ላይ ቆምሁ። ጉበኑን በአሮጌ ነጠላ ልጠቀልለው ነበር፤ ሲመታት እንዳያማት። አልደረስሁም። ነጠላውን በዱላ ጫፍ ሰቅዬ ወረወርሁት፤ ተመልሶ ፊቴ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ወደ አባቴ ሄድሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል።

"አባዬ፣ ያንን ጉበን ከፍ አድርግላት። እማዬን ይመታታል።"

መሳሉን አቆመ። "ምን አልሽ?"

"ጉበኑን። ይመታታል።"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"እሷ ናት።"

አየኝ፤ አየኝና ማጭዱን የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሰክቶ ተነሣ። "እሺ" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ጉበኑ እናቴን አልመታትም። አባቴ ፊታውራሪን የገሠጸልኝ መስሎኝ ኮራሁ።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በጋው ላይ መሬት ሊደለደል ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ወሬው መሬት ሆነ። እኔ በደረጃዬ ላይ ነበርሁ፤ ከታች አባቴ፣ አያ ደሴና አያ ፋንታ ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ሰው ሲጣላም ሲታረቅም ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። አያ ደሴ አፋቸው አያርፍም። አያ ፋንታ ደግሞ ከጠላው ጋር ነው የሚነጋገሩት የምንላቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው።

"አንተማ አልቆልሃል አስናቀው" አሉ አያ ደሴ። "ቢሮክራሲ ነህ።"

"ኧረ እኔ የመጋዘን ቁልፍ ከመያዝ በቀር ምን አደረግሁ?"

"ቁልፉ ራሱ ነዋ ቢሮክራሲ። በደርግ ጊዜ እዚህ ግባ የማይባል ሥልጣን የያዘ ሁሉ አራት ቃዳ መሬት ይበቃዋል ተብሏል። የቀረውን ይወስዱብሃል።"

ቢሮክራሲ በሽታ መስሎኝ ነበር። አባቴ በዚያ ሰሞን ሲተኛ አንገቱን እየዳበስሁ እብጠት ፈልጌበታለሁ።

"ዘዴ ግን አለ" አሉ አያ ደሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ሲሉ ይበልጥ ይሰማኛል። "ሴት ብቻዋን ከሆነች በስሟ ይሰጣታል። እሷን ቢሮክራሲ የሚላት የለም። በየጁቤ በኩል ስንቱ ሚስቱን ፈታ መሰለህ።"

"የእውነት ፈትተው?"

"ምን የእውነት ያስፈልገዋል። መሬቱ እስኪለካ ነዋ። ሁለት በር፣ ሁለት ምድጃ ማሳየት ነው። ኮሚቴው ቤት የሚቆጥረው በምድጃ ነው። ያንተ ቤት ደግሞ እንኳን ለሁለት ለአራት ይበቃል።"

አባቴ ሳቀ። ወደ ማጀት ዞሮ ተጣራ። "ፈንታነሽ፣ ነይማ። ልፈታሽ ነው።"

እናቴ ከበሩ ብቅ አለች። ምስር ስትለቅም ነበር፤ ሰፌዱ እጇ ላይ ነው። ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

"መቼ?" አለች።

ከዚያ በላይ የሚያስቅ ነገር ተናግራ አታውቅም። አያ ደሴ ጠላው ትን አላቸው። አያ ፋንታ እንኳ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከላይ አየሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ በገበያም በቤተ ክርስቲያን አጸድም ያችን "መቼ?" እየደገመ ሰውን ሁሉ ሲያስቅ ከረመ።

ግድግዳው የተጀመረው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። አባቴ ያሰበው የአዳራሹን መሃል በማገርና በጭቃ ሊጋርደው ነበር። እናቴ ግን በድንጋይ ይሁን አለች።

"የሁለት ወር ግድግዳ ድንጋይ ምን ያደርግለታል?"

"ኮሚቴው ዐይን አለው" አለችው። "መጋረጃ አይተው ይስቁብሃል። መሠረትም ይቆፈርለት።"

"ሰማችኋት?" አለ አባቴ ለደቦ የመጡትን። "ስትፋታ እንኳ በወጉ ነው የምትፋታ።"

መሠረቱን ቆፈሩላት። ከጓሮ የተከመረውን የፊታውራሪን የደርብ ድንጋይ አመጡላት። እናቴ እያንዳንዱን አገላብጣ ታያለች፤ የማያምራትን ወዲያ ታስቀምጣለች። ጭቃውንም እሷ ናት ያቦካችው። ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጣ፣ በጉዝጓዝ ሣር ሸፍና፣ እስኪሸት አስከርማ፣ ደግማ ረገጠችው። ለጊዜው ነገር እንዲህ መልፋቷ ገርሞኝ ነበር። ጨዋታው እንዲያምርላት የፈለገች መስሎኝ እኔም አብሬ ረገጥሁ። ጭቃው በጣቶቼ መሃል ሽቅብ ሲወጣ ሞቅ ይላል።

ግድግዳው ጣሪያውን ነካ። አባቴ በድጅኖ የአዳራሹን የኋላ ግንብ ፈልፍሎ ለእናቴ የራሷን በር ከፈተላት፤ መዝጊያውን ራሱ ጠርቦ፣ መወርወሪያውን ከውስጥ በኩል ገጠመላት። ሲጨርስ ከውጭ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ "እኔም ብሆን አልከፍተው" እያለ ተደሰተ። ክቡ ቤትና የአዳራሹ ግማሽ የእናቴ ሆነ። የፊት በር፣ በረንዳውና ደረጃው የአባቴ።

ባለፈው ዓመት፣ በሁለት ሺህ አስር፣ ከሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል ተሳፍሬ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም፤ የሱ ክፍል ጭድ ማስቀመጫ ሆኗል። እንደ ደረስሁ አንዲት ወጣት የባህል ባለሙያ ቤቱን በሜትር ስትለካ አገኘሁ። ወይንእሸት ትባላለች። የድሮ የመኳንንት ቤቶችን ታሪክ እያጠናች ነው።

"ይሄ የመሃል ግድግዳ ደስ ይላል" አለችኝ በመዳፏ መታ መታ እያደረገች። "ፊታውራሪ የሴቶቹን ክፍል ለመለየት ያሠሩት ይመስለኛል። ድንጋዩ ከደርቡ ድንጋይ ጋር አንድ ነው።"

"አባቴ ነው የሠራው" አልኋት።

"መቼ?"

ያችው የእናቴ ቃል ናት። መልሼላት ሳልጨርስ ወደ ክቡ ቤት በር አለፈችና ሜትሩን ሽቅብ ዘረጋችው። መዘርጋቱ አልበቃ ብሏት በርጩማ ፈለገች። በርጩማው ላይ ቆማም ጉበኑ ላይ ለመድረስ ተንጠራራች።

"ይሄ በር የጥንቱ የውጭ በር ነው" አለችኝ ከላይ ሆና። "በበቅሎ ላይ እንደ ተቀመጡ እንዲገቡበት ነው ይህን ያህል ከፍ ያደረጉት። ወርደው መግባት ክብራቸው አልነበረማ።"

ከበሩ ሥር ሄጄ ቆምሁ። እጄን ሽቅብ ዘረጋሁ። በእግሬ ጣቶች ተንጠራርቼ ቆምሁ። ጉበኑን አልነካሁትም።

እናቴ እኔ ትከሻ ላይ ነው የምትደርሰው።

በዚያ በር ከዚያ በፊትም ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። አድጌም፣ አግብቼም፣ ልጄን አዝዬም። ቀና ብዬ ግን አላየሁም ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎንበስ ብዬ ማለፍ ለምዶብኛል። ሙቀጫው ላይ ቆሜ ያልደረስሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ጉበኑን ከፍ አድርግላት ስለው አባቴ መሳሉን ያቆመበት ማጭድ ትዝ አለኝ። ባንቺዓለም ትዝ አለችኝ፤ እሷ ረጅም ሴት ነበረች፤ በዚያ በር እሳት ይዛ ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ስትል አላየኋትም። ደፉ ላይ ቁጭ አልሁ።

"አመመዎት እንዴ?" አለችኝ ልጅቱ ከበርጩማው እየወረደች።

እናቴ ከውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ በቆሎ ትፈለፍላለች። አየችኝ፤ ከዚያ ጉበኑን አየችው። መፈልፈሏን ቀጠለች።

ልጄ ከትምህርት ቤት ግንባሯ አብጦ መጥታ በር መታኝ ካለችኝ፣ እኔ አሁን ሄጄ በሩን አያለሁ። ጎረቤቶቼ ነገር ታበዣለሽ ይሉኛል። ሞጣ ላይ ከመሰሎቼ እናቶች ጋር ፊደል መቁጠር ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ፤ የተነገረኝን እንዳለ ከመውሰዴ በፊት ተመልሼ ደግሜ አነበዋለሁ። የዚያን በጋ ነገርም እንዲሁ ደግሜ ሳነበው ነው የከረምሁት።

ኮሚቴው የመጣው የካቲት ውስጥ ነው። ሁሉም የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው ብቻ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ጎልማሳ ነበር። መጀመሪያ በሮቹን አየ። ከዚያ ምድጃዎቹን። የእናቴ ምድጃ ላይ ሽሮ ተንተክትኳል። የአባቴ ምድጃ ላይ ድንች ተጥዶ አርሮ ቤቱ በጭሱ ታፍኗል፤ አባቴ ከዚያ ቀን በፊት እሳት ላይ ድስት አስቀምጦ አያውቅም። ሰብሳቢው መዳፉን አመዱ ላይ ዘርግቶ፣ "ይሞቃል" አለ። አያ ደሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቃቸውን ዋጡ።

"ያፋቷቸው ሽማግሎች ይማሉ" አለ ሰብሳቢው።

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው ሥር አወጡ። አያ ደሴና አያ ፋንታ ወደ ፊት መጡ። በዚያን ጊዜ ነው እናቴ፣ "ቆዩ" ያለችው።

ሁሉም ዞረው አዩአት። አባቴ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት፤ ልታጋልጠን ነው ብሎ ሳይደነግጥ አልቀረም።

"ከመማላችሁ በፊት ጠይቁኝ" አለች። "ሰው ፊት፣ መስቀል ፊት ጠይቁኝ። እውነት ፈትተሽዋል ወይ በሉኝ።"

አያ ደሴ ወደ አባቴ አዩ። አባቴ በዐይኑ እሺ አላቸው።

"እውነት ፈትተሽዋል ወይ ፈንታነሽ?"

"አዎ። ፈትቼዋለሁ። ዳግም አብሬው አልኖርም።"

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ መስቀሉን እያየች ነው የተናገረችው። አባ ወልደ ኪዳን ለአፍታ ዐይኗ ላይ ቆዩና መስቀሉን ወደ ሽማግሎቹ አቀረቡ። ማሉ። ኮሚቴው ከሄደ በኋላ አባቴ እንደ ሕፃን በሳቅ ተንከባለለ፤ "መስቀል ፊት! እንዴት ያለሽ አስመሳይ ነሽ አንቺ?" አላት። እኔም እናቴ እንዲህ ያለች ጎበዝ ዋሾ መሆኗን አላውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ አየኋት። እሷ የአባቴን ያረረ ድስት እያጠበች ነበር።

መሬቱ ተለካ። አባቴ አራት ቃዳው ቀረለት። ከቀረው ውስጥ ከምንጩ በታች ያለው ጥቁር መሬት በእናቴ ስም ወጣ። ገመድ ሲጎተት አብሬያት ነበርሁ። ድንበሩ ላይ ድንጋይ በተቀበረ ቁጥር እየሄደች በእግሯ ትረግጠዋለች፤ እንደ ጭቃው። አንዱ ጋ ስትደርስ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መሬቱ ያነሰባት መስሎኝ፣ "ከአባዬ ጋር ሲደመር ብዙ ነው እኮ" አልኋት። አንገቴን አቀፈችኝ።

ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ መጠበቅ ሆነ። አባቴ ፋሲካ ሲውል እናፈርሰዋለን ብሎኛል። ጠዋት በእናቴ በር ወጥቼ ቤቱን ዞሬ በአባቴ በር እገባለሁ፤ ከሰዓት በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። እናቴ በዚያ ሰሞን ፊቷ ጠርቶ ነበር። ሥራ ላይ ሆና ስታንጎራጉር ሰማኋት። ግድግዳው ሊፈርስ ስለሆነ ደስ ብሏት ነው ብዬ ነገርኋቸው፤ ለአባቴም፣ ለባንቺዓለምም።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አባቴ ሽማግሎቹን ጋበዘ። እኔ በእናቴ በኩል ነበርሁ፤ የሱን ሳቅ በግድግዳው ውስጥ እሰማለሁ። ከዚያ የድጅኖው ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ልስኑ ተፈረከሰ። አንድ ድንጋይ ተንገዳግዶ ወደኛ በኩል ወደቀ፤ በቀዳዳው ብርሃን ገባ። እያጨበጨብሁ ዘለልሁ።

እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ በራሷ በር ወጣች። ተከተልኋት። ቤቱን ዞረን በአባቴ በር ገባን።

አባቴ ድጅኖውን እንደ ያዘ ነበር። ላብ ፊቱ ላይ ያበራል። "መጣች ባለቤቲቱ" አለ ለእንግዶቹ።

"ምን እያደረግህ ነው አስናቀው?"

"ቤቴን ልሰበስብ ነዋ።"

"ያ ግድግዳ የኔ ነው። አትንካው።"

አያ ደሴ ሳቁ። "በቃሽ እንግዲህ ፈንታነሽ፣ ኮሚቴው ከሄደ ቆየ እኮ።"

"አያ ደሴ፣ በመስቀል የማሉት ሐሰት ነበር?"

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። "እሱማ… ልጄ፣ እሱ እኮ…"

"ሐሰት ከሆነ ሄደው ለአባ ወልደ ኪዳን ይንገሩ። እኔ ግን ሐሰት አላስማልኋችሁም። ጠይቁኝ አልኋችሁ፤ ጠየቃችሁኝ፤ የልቤን ነገርኋችሁ። አሁንም ጠይቁኝ።"

አያ ፋንታ ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"እውነት ነው የማልነው ደሴ" አሉ።

አባቴ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። ሰው ሁሉ በማያውቀው ቋንቋ ማውራት የጀመረ ይመስል አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። "ቀልድ ነበር እኮ" አለ።

"የቀለድኸው አንተ ነህ" አለችው።

አላመንሁም። እናቴም የምትጫወት መሰለኝና፣ መቼ ነው የምትስቀው ብዬ አፏን አየሁ። አልሳቀችም። አባቴ ድጅኖውን ከወገቡ ወደ ትከሻው አነሣ። ግድግዳውን ሊደግመው ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። ስከፍት አያ ፋንታ፣ ያ ሁሉ ዕድሜያቸው፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው በእናቴና በአባቴ መሃል ቆመዋል። ለምን እዚያ እንደ ቆሙ ጨርሶ አልገባኝም ነበር። ግድግዳው ያለው በሌላ በኩል ነው።

ዛሬ ገብቶኛል። የገባኝ ነገር ደግሞ ከጉበኑ ይልቅ ያስደነግጠኛል። ሽማግሌው እንዲያ ፈጥነው የተነሡት የሚሆነውን ስለሚያውቁ ነው። ያን ቀን ያወቁት አይደለም፤ ዓመታቱን ሁሉ፣ ከእናቴ እጅ ጠላ ሲቀበሉ፣ ፊቷን ቀና ብለው ሲያዩ፣ ስለ ፊታውራሪ ሲቀልዱ።

"አስቀምጠው" አሉት አያ ፋንታ።

አባቴ ድጅኖውን አስቀመጠው። የተሸነፈ መስሎ ሳይሆን፣ እጁ ውስጥ ምን እንደ ያዘ ድንገት ያየ መስሎ ነው ያስቀመጠው። እናቴ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ቤቱን ዞረን በኛ በር ገባን፤ መወርወሪያውን ወረወረችው።

ወዲያው ጭቃ ማቡካት ጀመረች። ጭድ የለም፤ ከአመድ ጋር አደባለቀችው። እኔ ወደ ቀዳዳው ሄድሁ። ልክ በፊቴ ቁመት ነው። በዚያ በኩል የሽማግሎቹ ድምፅ የለም፤ ሄደዋል። የአባቴ ትንፋሽ ግን ይሰማል፤ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። እጄን አስገባሁ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ክንዴ እስኪያልቅ አስገባሁትና ጣቶቼን ዘረጋሁ። ትንሽ ቆይቶ እጁ መጣና ያዘኝ። የድጅኖው ሙቀት ገና መዳፉ ላይ ነበር።

"አገሬ" አለ።

"አቤት አባዬ።"

"እናትሽ ምን እያደረገች ነው?"

ዞሬ አየኋት። እናቴ ከኋላዬ ናት። በሁለት እጇ ሙሉ ጭቃ ይዛለች፤ በጣቶቿ መሃል ወደ ክንዷ ይወርዳል። አታስቸኩለኝም። እጅሽን አውጪ አላለችኝም። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጌ አላገኘሁም፤ እንባም አላገኘሁም። እኔ እስክጨርስ ነው የምትጠብቀው።

"ጭቃ ይዛ ቆማለች" አልሁት።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ላልተው እጄን ለቀቁ።